የቤተ ልሔም እንግዶች መዝገብ

ልጄ ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኝቶባት ደብረ ታቦር ሆስፒታል ቀዶ ጥገና በተደረገላት ቀን፣ ባሏ አጠገቧ ነበር። እኔ ብራናዎቹ ወደሚጠበቁበት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም ሄድሁ። ክርስትና ስሟን ሰጥቼ ካህናቱ በጸሎት እንዲያስቧት ነበር ሐሳቤ።

መጻሕፍቱን የሚጠብቁት የኔታ ከንፋስ መውጫ የመጡ ሁለት መምህራንን እያስጎበኙ ነበር። ከመጻሕፍት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁ። የኔታ አንድ ያረጀ መዝገብ ከፍተው ስም ያነባሉ። መጀመሪያ አንድ ደጃዝማች፣ ቀጥሎ አንድ ጳጳስ፣ ከዚያ ለምላስ የሚያስቸግሩ የፈረንጅ ስሞች። "እነዚህ ሁሉ አልፈዋል" አሉ። እኔም በየስሙ እያማተብሁ "ነፍስ ይማር" አልሁ። ለፈረንጆቹም አልሁ።

መምህራኑ ዘወር ብለው አዩኝ። አንደኛው ሳቁ አመለጠው።

ተራዬ የደረሰ መስሎኝ ጠጋ አልሁ። "የኔታ፣ የልጄንም ስም እዚያው ይጻፉልኝ። እሷ ግን በሕይወት አለች።"

የኔታ መዝገቡ የጸሎት እንዳልሆነ አስረዱኝ። ድሮ ብራናዎቹን ለማየት ከሩቅ የመጡ እንግዶች በገዛ እጃቸው ስማቸውን የጻፉበት ነው። አፍሬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ። እሳቸው አልሳቁም። ልጄ ምን እንደሆነች ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

"እዚህ መጥታ ታውቃለች?"

"በሆዴ ሳለች፣ ለንግሥ።"

"እንግዲያማ እንግዳችን ናት። ግን እዚህ ላይ ሰው የሚጽፈው ራሱ ነው፣ ልጄ። ድና ስትመጣ ትጽፋለች።"

ክርስትና ስሟን ተቀብለውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። የሳቀው መምህርም ስሟን ጠየቀኝ፤ ቀስ ብሎ ደገመውና "እኔም አስባታለሁ፣ እናቴ" አለኝ።

ከቅጥሩ ውስጥ ካለ ወይራ ሥር ተቀመጥሁ፤ ስልኬን ከእጄ አልለየሁትም። ዳዊቴን ብገልጥም ዓይኔ ፊደሉን አልይዝልኝ አለ።

ቀትር ላይ አማቼ ደወለ። ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጥታለች፤ ዓይኗን እንደ ገለጠች እኔ እህል መቅመሴን ጠየቀች አለኝ። ጾም መሆኑን ረስታው ነው።

ጥቂት አለቀስሁ። ከዚያ ተነሥቼ ከሴቶቹ ጋር ለቅዳሴ ቆምሁ። ከቅዳሴው በኋላ ካህኑ ሕሙማንን ሲያሳስቡ ስሟን ጠሩት። ልለምንበት ያመጣሁትን ስም እያመሰገንሁ ሰማሁት።