ጥቁርና ነጭ ፊልምና የማርያም ጽዋ

በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም የሆነ ነው። ጽዋ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ጎረቤቴ ዘሐራ ከጅዳ ስትመለስ አሮጌ ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልሞች በፍላሽ ይዛ መጣች። ልጆቼ አልወደዷቸውም፤ እኔ ወደድኳቸው። ዝናብ፣ ባርኔጣ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ደከም ያለ መርማሪ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት። ቋንቋውን አላውቅም። ፊታቸውን አይቼ ግን ማን ማንን እንደሚከዳ ቀድሜ እናገር ነበር።

አብራኝ የምታየው አበቡ ነበረች። በማርያም ማኅበር አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ጠጥተናል። ፍልሰታ ሲገባ ፊልሙን ልተወው ብዬ ነበር። ከቅዳሴ ስንመለስ “ሽሮው እስኪበስል አንዷን ብቻ እንይ” ያለችኝ እሷ ናት።

“ያቺን ጓንት ያደረገችውን አትመኛት” እላታለሁ።

“አንቺ ደግሞ ሰው ማመን አይሆንልሽም” ትለኛለች። እንስቃለን።

የነሐሴ ማርያም ተራዬ ነበር። ጽዋውን ከሐምሌዋ ተረኛ ተረክቤ፣ ጠላውን ጠንስሼ እጠብቃለሁ። በዋዜማው ከሰዓት የማኅበራችን መሪ መጡ። አልተቀመጡም።

“በፍልሰታ የነፍሰ ገዳይ ፊልም ስታዪ ከርመሽ እንዴት ማኅበር ታወጫለሽ? አበቡ ታውጣ ብለናል። እሷም ብትመክርሽ እምቢ አልሽ አሉ።”

አብራኝ ታይ ነበር ልል አፌ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው ይዘውት ወጡ።

ዘሐራ ሰምታ መጣች። “እትዬ፣ ወላሂ እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ” አለችኝ።

“ያየሁትስ እኔ አይደለሁ?” አልኳት።

ጥፋቴን አልክድም፤ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቂሙ ለቆኛል። ሕመሙ ግን አለ። ያን ሁሉ ከዳተኛ ስለይ ከጎኔ የተቀመጠችውን አላየኋትም።

በማግስቱ ጠዋት ጠላውን አወጣሁ። ለእመቤቴ የተጠነሰሰ አይደፋም፤ ለአበቡም በአንድ ሌሊት ጠላ አይደርስላትም። ዘሐራ “እሱን እንኳ አልነካልሽም፣ ባጃጁን ግን እጠራልሻለሁ” ብላ ጠራችልኝ። እንስራውን አበቡ ደጃፍ አወረድኩ። በሩን ስትከፍት ፊቷን ሳላይ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ።