የጦይባ የአልጋ ልብስ

ጦይባ ቅዳሜና እሑድን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናት ስትከትብ፣ ሲያለቅሱባት እናቶቻቸውን ስታረጋጋ ትውላለች። ሁለቱ ቀናት ግን የጓሮዋና የኪሮሿ ናቸው። ልጆቿ አግብተው ወጥተዋል። ባሏ በድሩ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ አራዳ ያለውን የጨርቅ ሱቁን በጠዋት ይከፍታል። አዲስ ዓለም ሰፈር ያለው ቤቷ ያን ጊዜ ጭር ይላል፤ እሷም የምትወደው ይህንኑ ነው።

ኪሮሽ ያስተማረቻት ታላቅ እህቷ ናት። ከዚያ ወዲህ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እህቷ ስትዳር ሠራች። የበድሩ እህቶች በየተራ ሲዳሩ ሠራች። ለሁለቱ ሴት ልጆቿም የአልጋውን፣ የሶፋውን፣ የጠረጴዛውን ሁሉ ሠርታ ሸኘቻቸው። የራሷ አልጋ ላይ ያለው ግን በድሩ ከሱቅ ያመጣው፣ መሀሉ የሳሳ ብርድ ልብስ ነበር። ትንሿ ልጇ የተዳረች ዓመት፣ ክረምቱ ሲገባ፣ “ይኼ ደግሞ ለእኔ ነው” ብላ አንድ ነጭ የአልጋ ልብስ ጀመረች። አልቸኮለችም። ያላማራትን እየፈታች እንደገና ትሠራው ነበር። ሦስት ክረምት በዚሁ አለፈ። ዘንድሮ የቀራት የአንዱ ጎን ዘርፍ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ጋብ አለና ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ወጣች። ጦይባ ጎመኗን አረመች፤ አጥሩ ላይ የተንጠላጠለውን የዱባ ሐረግ መለሰች። ከዚያ የአልጋ ልብሱን አናፍሳ ዘርፉን ልትጨርስ ታጥባ ገባችና ሳጥኑን ከፈተች። የተጠቀለለበት ነጠላ አለ። የአልጋ ልብሱ የለም።

በድሩ ጋ ደወለች።

“የአልጋ ልብሴን አይተኸዋል?”

“የትኛውን?”

“ነጩን።”

“እሱንማ ለኡዘይር ሰጠሁት። ረቡዕ አንቺ ልቅሶ ቤት እያለሽ ለልጁ ሰርግ ሊጠራን ቤት መጣ። የስንት ዘመን ጓደኛዬን ባዶ እጁን ልሸኘው?”

“እኔን ሳትጠይቅ?”

“ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነዋ ያገኘሁት። ምነው ጦይባ፣ ሌላ ትሠሪያለሽ።”

ስልኩን ዘጋችው። ጓሮ ተመልሳ ዶማውን አነሳችና ገና ያልደረሰውን ድንች መቆፈር ጀመረች። የእንቁላል ያህል እንኳን ያልሆነ ድንች ከጭቃ ጋር እየተፈነቀለ ወጣ። ማቆም እንዳለባት ታውቃለች፤ አላቆመችም። ያናደዳት መሰጠቱ ብቻ አልነበረም። ሦስት ክረምት ሙሉ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ ስትሠራው አይቷል። “ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ” እያለም መብራቱን ወደ እሷ ያስጠጋላት እሱ ነበር። ያንን ሁሉ ያየ ሰው “ተቀምጦ አገኘሁት” አላት።

በድሩ አመሻሽ ላይ ሥጋና ሙዝ ይዞ ገባ። ጦይባ ራቱን አቀረበችለት እንጂ አብራው አልበላችም።

“እሺ፣ አጥፍቻለሁ” አለ። “ግን አንዴ ተሰጥቷል። የተሰጠ ነገር አይጠየቅም፤ ነውር ነው።”

“እኔ የሰጠሁት ነገር የለም።”

“ባልሽ ሰጠ ማለት አንቺ ሰጠሽ ማለት አይደለም?”

ጦይባ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

እሑድ ረፋድ ላይ ጥሩውን ቀሚሷን ለብሳ ኡዘይር ቤት ሄደች። ኡዘይር አልነበረም። ሚስቱ ሃጂራ እየሳቀች ተቀበለቻትና ወደ ሙሽራዋ ክፍል ይዛት ገባች። የአልጋ ልብሱ ከሌላው የሰርግ ስጦታ በላይ ተዘርግቷል።

“እንዴት ያለ ሸጋ ሥራ ነው” አለች ሃጂራ። “አላህ እጅሽን ይባርከው። በድሩ ‘ጦይባ ለልጃችን ብላ ነው ሦስት ዓመት የደከመችበት’ ሲለው ኡዘይር እንባው መጣ።”

ጦይባ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በድሩን ግዴለሽ እንጂ ውሸታም አላለችውም ነበር። ድካሟንም ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሳይቀር ያውቀዋል። አውቆ ነው በእሷ ስም የሰጠው።

“ሃጂራ፣ ቅር እንዳይልሽ” አለች። “ይኼን ለልጅሽ አልሠራሁትም። ለራሴ ነው የሠራሁት። በድሩ ያወጣው እኔ ሳላውቅ ነው። አሁን ልወስደው ነው የመጣሁት።”

ሃጂራ የምትቀልድ መስሏት ጠበቀቻት። እንዳልሆነ ሲገባት ሳቋ ጠፋ።

“ትናንት የሙሽራው እናት መጥታ አይታዋለች። የት ሄደ ስትለኝ ምን ልበላት?”

“ባለቤቷ ወሰደችው በያት።”

“ለአንድ የአልጋ ልብስ?”

“ለአንድ የአልጋ ልብስ” አለች ጦይባ።

ሃጂራ እንደ ነገሩ አጣጥፋ በፌስታል ከታ ሰጠቻት። እስከ በር አልሸኘቻትም። ጦይባ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ እግሯ ሊመለስ ነበር። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ይህን ስታስብ ንዴቷ ባሰባት እንጂ አልበረደም፤ ሙሽራ ቤት ገብታ ስጦታ የምታነሳ ሴት ያደረጋት በድሩ ነው።

ቤት እንደገባች አሮጌውን ብርድ ልብስ ገፍፋ የራሷን ዘረጋች። በድሩ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ።

“ምን አደረግሽ? ከእንግዲህ ኡዘይርን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?”

“እውነቱን ንገረው። ሚስቴን ሳልጠይቅ ከሳጥኗ አወጣሁት፣ ለልጅህ ነው የሠራችው ብዬም ዋሸሁህ በለው። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ።”

“ጦይባ…”

“አለበለዚያ እኔ እደውልለታለሁ።”

ደወለ። መጀመሪያ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ። ጦይባ ከፊቱ አልተነሳችም፤ ጨክኖ ተናገረው። ኡዘይር ምን እንዳለው አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። በድሩ ስልኩን አስቀመጠና፣ “ሳጥኑን ስከፍት ያንቺ መሆኑን አውቅ ነበር” አለ። “እምቢ የምትይ አልመሰለኝም። እምቢ ብለሽኝ አታውቂም።”

“ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?” አለችው።

ሰርጉ መስከረም ላይ ሆነ። በድሩ ከሱቁ ምርጥ የሐር ጨርቅ ቆርጦ ይዞ ሄደ። ጦይባም አብራው ሄደች፤ ለመቅረት የሚያበቃ ጥፋት የለብኝም ብላ ነው። ሃጂራ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ሰላም አለቻት። ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ጦይባ መሀላቸው ቦታ ይዛ ተቀመጠች፤ ምግቡ ሲመጣም እጇን ታጥባ በላች።