ዳማን ወደ ሜጋ ስሸኛት

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ነገሌ ቦረና

ባለቤቴ አስካለ በር ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው የምሳ ቋጠሮዬን ይዛለች። ሦስተኛ ልጃችን ሊወለድ ሳምንታት ቀርተውታል። አማቴ ሊያርሷት ከክብረ መንግሥት ይመጣሉ፤ የሚተኙበት ቦታ ግን የለም። የሳሎኑን ጥግ ስድስት ዓመት ሙሉ ይዛ የተኛችው ዳማ ናት። ዳማ ሞተር ሳይክሌ ናት፤ ቀለሟ ጥቁር ቀይ ስለሆነ ነው በፈረስ ስም የጠራኋት። “ወይ እናቴ ወይ እሷ!” ተባልኩ። ለማሰብ ሁለት ቀን መጠየቄ እስከ ዛሬ ይነሳብኛል።

ዳማ ላይ አቧራ አያድርም። ሰንሰለቷን የማጥበው በጥርስ ብሩሽ ነው። አንድ ጊዜ አስካለ ብሩሹ የማን እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ ያን ሳምንት ብዙም አልተነጋገርንም።

ገዢዋ የሜጋው ነጋዴ ሀጂ አደን ናቸው። ለፍየል ገበያ ነገሌ መጥተው አዩዋት፣ ዞሯት፣ በምን እንደማጥባት ሳይቀር ጠየቁኝ፤ እኔም እሸጥልዎታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። በልቤ ግን አልሸጥኳትም። መንገድ ላይ አንድ ደህና ሰበብ ካገኘሁ ይዣት እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

ኬላው ላይ ጠባቂው የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት ጮክ ብሎ ያነባል።

“የከብት ክትባት ሠራተኛው ጓድ ከነሞተራቸው ሄደው ያለሞተራቸው እንዲመለሱ ተፈቅዷል።”

“ሐሳቤን ብቀይርና ይዣት ብመለስስ?” አልኩት።

“ጓድ፣ ወረቀቱ ሐሳብ አይቀይርም” አለና አሳለፈኝ።

ሐሙስ፣ 5 ሰዓት፣ ዋጭሌ

ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፣ መንገድ አልለቅም የሚል የግመል መንጋ። ወገቤ ከሁለት የተከፈለ መስሎኛል፤ ዳማ ግን አንዴም አላሳላትም። ሻይ ቤት ገብቼ በፍየል ወተት የተፈላ ሻይ አዘዝኩ። የሻይ ቤቱን ባለቤት ሀሊማን ስለ ገዢዬ ጠየቅኳት።

“ሀጂ አደን? በጣም ደግ ናቸው” አለች። “የገዙትን ደግሞ ያሠሩታል። በብስክሌታቸው እንኳ ፍየል ይጭኑ ነበር።”

“ስንት ፍየል?”

“ሁለት። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ።”

ሻዬ ሳልጠጣው በረደ። ዞር ብዬ ዳማን አየኋት፤ ወንበሯ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ፍየል! እዚያው ቁጭ ባልኩበት አልሸጥም ብዬ ወሰንኩ። ግን ሀጂን ያክል ሰው ምን ብዬ ነው ቃሌን የማጥፍባቸው?

ዓርብ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ዱብሉቅ

አሬሮ አድረናል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ዳማን ክፍሌ ሳስገባት አይቶ የሁለት ሰው ሂሳብ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩት።

ዱብሉቅ ላይ ሰዎች ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። ከላይ አባ ጋልገሎ የተባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ባለፈው ዓመት ከብቶቻቸውን ከትቤላቸው ስለነበር አወቁኝ። እዚህ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው።

“አካም ዶክተር! ናጋ?”

“ናጋ።”

“ሚስት ናጋ? ልጅ ናጋ? ዝናብ ናጋ? ሣር ናጋ?” ሁሉም ናጋ፣ ሁሉም ሰላም ነው አልኩ። ቀጥለው ወደ ዳማ ዞሩ። “እሷስ ናጋ?”

እዚህ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

“ሽጥ” አሉኝ። “ገመድ ግን አትስጥ! ከብት ሲሸጥ ገመዱ ሻጭ ጋ ይቀራል። ገመድ ከሄደ በረከት ይሄዳል።”

“አባ፣ ሞተር እኮ ገመድ የላትም።”

“ገመድ ከሌላት ስድስት ዓመት በምን ያዝካት?”

ሰበቤን አገኘሁ፤ እስከ ሜጋ ድረስ እያፏጨሁ ነዳሁ።

ዓርብ፣ 8 ሰዓት፣ ሜጋ

ሀጂ አደን ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ ሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ ጠበቅኳቸው። መስጊዱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተከትሏቸው መጥቶ ከበበን።

“ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ገመዷን አልሰጥም” አልኩ። ቁልፏን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። “ገመዷ ይህ ነው።”

ያለ ቁልፍ ሞተር የሚገዛ የለም ብዬ ነበር። ሀጂ ፍየል ነጋዴ መሆናቸውን ረስቼ።

“ልክ ነህ ልጄ፣ ገመድ የሻጭ ነው” አሉ። “ግን ቁልፍ እንዴት ገመድ ይሆናል?”

ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ሰንሰለቱ ነው አለ። ሌላው መሪው ነው አለ። በመጨረሻ አንድ ግመል ነጂ፣ “እንስሳን የሚያቆመው ገመድ ነው። ይቺንስ ማን ያቆማታል? ፍሬን!” ብሎ የፍሬኑን ሽቦ በጣቱ ነካ። “ደግሞ እዩት፣ ገመድ ነው እኮ!”

ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ተስማማ። ሀጂ ከሱቃቸው ፒንሳ አምጥተው “ቢስሚላሂ” ብለው ጎንበስ አሉ።

“ሀጂ! ያለ ፍሬን ሊነዷት ነው?”

“ምን ችግር አለ? ዳገቱ ያቆማታል።”

ቁልቁለቱ ታየኝ። ዳማ ያለ ፍሬን፣ አንድ ፍየል ከፊት፣ አንድ ፍየል ከኋላ። አፈሩ ላይ ተንበርክኬ የፊት ጎማዋን አቀፍኩ።

“ይውሰዷት! ቁልፉንም እንኩ! ፍየሉንም ይጫኑ! ፍሬኗን ግን አይንኩብኝ!”

“ፍየል?” አሉ ሀጂ፣ ተቆጥተው። “እሷ ላይ? ፍየል?” እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አዲስ የጥርስ ብሩሽ አወጡ። “ለሰንሰለቷ ብዬ የገዛሁት ነው። በዚህ አይደል ያልከኝ?”

ያኔ አለቀስኩ። አቧራ ነው አልኩ፤ ማንም አላመነኝም። ሀጂ መሪዋ ላይ ራሴ የገጠምኩትን በእጅ የሚጨመቅ ጥሩምባ ፈተው እቅፌ ውስጥ አስቀመጡት።

“ይሄ ይሁን ገመድህ። የሜጋ ግመል እንደሆነ ለጥሩምባ መንገድ አይለቅም።”

እሑድ፣ 10 ሰዓት፣ ነገሌ

በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ ጥሩምባዬን ታቅፌ በጭነት መኪና ተመለስኩ። ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ወረቀቱን ደግሞ አነበበ፤ ጥሩምባ ከሞተር ይቆጠር አይቆጠር ብዙ አሰበ፤ ሁለት ጊዜ ጨምቆ ሞከረውና አሳለፈኝ።

ቤቴ ደጃፍ ስደርስ እጄ ልማዱን አልተወም፤ ጥሩምባውን ጨመቅኩት። አስካለ ሁለቱንም የግቢውን መዝጊያ ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ለዳማ እንደምትከፍተው።

“አውቄ ነበር! ይዘሃት መጣህ አይደል?”

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ከኋላዬ አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከዚያ ጥሩምባውን አየች።

ሳሎን ስገባ ጥጉ ላይ አልጋ አልተዘረጋም። ዳማ ዘይት እንዳታንጠባጥብ ከሥሯ የማነጥፈው ጆንያ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቦታው ተነጥፏል።

“እናቴን ወጥ ቤት አስተኛታለሁ ብዬ ነበር” አለች፣ እኔን ሳታይ።

አሁን ጥጉ ላይ አማቴ ተኝተዋል። ጥሩምባውን ራስጌያቸው ሰቅዬላቸዋለሁ፤ ውሃ ሲያምራቸው ይጨምቁታል። እኔና አስካለ ግን በጮኸ ቁጥር ቀድመን የምናየው ወደ በሩ ነው።