መጥሪያው ደርሶኛል

ሲይዙኝ ማኪያቶዬን አልጨረስኩም ነበር። ቦሌ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ገና ያልተላጠ አንድ አዲስ ሕንፃ ሥር ተቀምጫለሁ። ሁለት ሰዎች መጡና አንደኛው በትሕትና፣ «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አለኝ። አምስቷ ደቂቃ ክረምቱን አልፋ በጋ ገባባት።

ቀን ቀን የሕንፃ ፕላን እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ለአንዲት ትንሽ ጋዜጣ እጽፍ ነበር። ሕንፃ እንደ አሸን በሚፈላበት በዚያ ዘመን ያበላኝ የቀኑ ሥራ ነው፤ ያሳሰረኝ የማታው። በከተማዋ ምሥራቅ ወዳለ አንድ ጣቢያ ወሰዱኝ። የገባሁበት ክፍል ለሰው ተብሎ አልተሠራም፤ ዕቃ ማስቀመጫ እንደነበር ገና በሩ ላይ አወቅኩ። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ረጥቧል። መስኮት የሚሏት ጣሪያው ሥር ያለች፣ ፍርግርግ የተገጠመላት ጠባብ ቀዳዳ ናት። ከሽንቱና ከእርጥበቱ ሽታ ጋር ናፍጣ ይሸታል። ቀኑን ሙሉ አጠገባችን የሚሠራው ፎቅ ሲሚንቶ ሲያቦካ ይውላል፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ንግግራችንን አቋርጠን እንጠብቃለን።

እዚያ ክፍል የነበርን አራት ሰዎች መዝገብ ላይ የለንም። ስማችን ስለማይጠራ ስንቅ አይገባልንም፤ የምንበላው የጎን ክፍል እስረኞች ከራሳቸው ቀንሰው የሚያቀብሉንን ነው። አንድ ቀን ተረኛው ፖሊስ በር ሲከፍት፣ «ሚስትህ ስንቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ የለም ብለን መለስናት» አለኝ፤ እንደ ቀላል ወሬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈራው ዱላውን አልነበረም። ሳልሞት እንደ ሞተ መቆጠሩን ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ፊቱ በርቷል።

«እንኳን ደስ አለህ» አለኝ።

«ልፈታ ነው?»

«አዎ፣ ሚስትህ ልትፈታህ ነው።» በራሱ ቀልድ ሳቀና አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ።

የቤተሰብ ችሎት መጥሪያ ነው። ከሳሽ የሚለው ላይ የእሷ ስም፣ ተከሳሽ የሚለው ላይ የእኔ። የክሱ ምክንያት ፍቺ። አድራሻ፦ ያልታወቀ። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት።

መርማሪው ተረጋግቶ አስረዳኝ። «‹ምናልባት እናንተ ጋ ካለ› ብላ ትታልን ሄደች፤ ነገ ጠዋት ከፍርድ ቤት መልእክተኛ ጋር መልስ ልትወስድ ትመጣለች። እኛ ‹በጣቢያችን የለም› ብለን ጽፈን እንሰጣታለን። ቀጥሎ በጋዜጣ ታስጠራሃለች። ያኔም አትቀርብም። በሌለህበት ተፈርዶ ያልቃል።» ከዚያ ከመሳቢያው ሌላ ወረቀት አወጣ። ይሄኛውን አውቀዋለሁ፤ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ወንጀለኛ የሚያደርግ የእምነት ቃል ነው። «ወይም ይቺን ፈርም፤ ራሴ ችሎት አቀርብሃለሁ። ትዳርህን ታድናለህ።»

«ላስብበት» አልኩ። እምቢ ለማለት እንኳ አቅም አጣሁ።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከከተማው ጫፍ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እርሻቸው ለኮንዶሚኒየም ሲወሰድ የሰፈራቸውን ሰው ሰብስበው ስለ ካሳው ተናገሩ፤ ታሰሩ። አባባ እንላቸዋለን። ፊቴን አይተው፣ «ምን አሉህ፣ ኢልማ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ሲሉ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ።

ነገርኳቸው። ንዴቴን ሁሉ ዘረገፍኩት። ከመታሰሬ ትንሽ ቀደም ብሎ በሚስቴ ስም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ ነበር። ውሉን ለመፈረም ባለትዳር ከነባሏ መቅረብ አለባት፤ ባል ከሌለ የፍቺ ማስረጃ ይጠየቃል። የፊርማው ጊዜ ካለፈ ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኛ ያን ጊዜ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ከልጃችን ጋር እንኖር ነበር።

«ቤት ስታገኝ ባሏን ጣለች» አልኳቸው። «በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ቤቱ የት ነው የወጣላችሁ?»

«ቦሌ አራብሳ።»

«መሬታችን ጤፍ ይሰጥ ነበር» አሉ። ወዲያውም ወደ እኔ ጉዳይ ተመለሱ።

«ስማ፤ ልሂድ ያለች ሴት ዕቃዋን ትጭናለች እንጂ ፍርድ ቤት ይዛ ፖሊስ ጣቢያ አትመጣም።»

«ለቤቱ ብላ ነዋ፣ አባባ!»

«ለቤቱም ይሁን። ባሌን ስጡኝ ስትል አባረሯት። ባሌን ልፈታ ነው ስትል ወንበር ሰጧት። ማን ነው ሞኙ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም ልቤ አላመነም፤ ቅናት የያዘው ሰው ደግ ነገር አይዋጥለትም። ዝም ብል፣ የለም ተብሎ ይጻፍላትና ቤቱን ታገኛለች፤ ልጄም ጣሪያ ታገኛለች። ብናገር ነገሩ ተጓትቶ ቤቱም ሊያመልጣት ይችላል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«ልትፈታህ ከፈለገች ትፍታህ፤ መብቷ ነው» አሉኝ። «ግን ካለ ሰው ትፋታ። ከጠፋ ሰው ተፋትታ የምትኖር ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በር በር ስታይ ትኖራለች። እኔ ለመሬቴ ስል ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። መልእክተኛው መጥሪያው ደረሰ ብሎ ከጻፈ፣ ዳኞቹ ‹ሰውየውን አቅርቡት› ይላሉ። ደርሶኛል፣ ቀርቤ እመልሳለሁ በል። ሌላ አትናገር።»

«ይደበድቡኛል።»

«አዎ።»

«እናንተንስ?»

«እኛንማ ምን ያደርጉናል? ያስሩናል?»

ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

በነጋታው ጠዋት ድምጿን ሰማሁ። መስኮታችን ከተረኛው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ባለው ግቢ በኩል ነው። «ጤና ይስጥልኝ» አለች። ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«የኔ እመቤት፣ ሰውሽ እኛ ጋ የለም» አላት ተረኛው ሳጅን። የወትሮው ቁጣ የለበትም። «ይሄን ያህል ዘመን ጥሎሽ ከጠፋ ምን ያደርግልሻል? ተገላገዪው!»

«እሺ፣ ጌታዬ። ‹የለም› ብለው ጽፈው ማኅተም ይምቱልኝ።»

«በደስታ።»

አባባ መስኮቱ ሥር ሄደው በእጅና በጉልበታቸው ተንበረከኩ። «ጀርባዬ ላይ ውጣ» አሉኝ።

አልቻልኩም። እንኳን ሽማግሌ ጀርባ ላይ ልቆም፣ ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጬ እንዳልጠብቅ ተደርጌ ነው ያደግኩት። ከሌሎቹ አንዱ እኔ ልሁን እንዳይል አንደኛው እግሩ በድብደባ አብጧል፤ ሌላው የትከሻው አጥንት ወልቋል። ውጭ የማኅተሙ ድምፅ እንዳይሰማ እየፈራሁ ቆሜ ቀረሁ።

«ነውሩን እኔ እሸከመዋለሁ» አሉ አባባ ቀና ሳይሉ። «ውጣ!»

ጫማዬን አወለቅኩና ወጣሁ። የጀርባቸው አጥንት በካልሲዬ ሥር ይሰማኛል። ፍርግርጉን ጨብጬ ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጮህኩ። «ተከሳሹ እኔ ነኝ! መጥሪያው ደርሶኛል!»

ሲሚንቶ ማቡኪያው የቆመ መሰለኝ። ከዚያ የመልእክተኛው የሸመገለ ድምፅ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረውን ነገር በልማድ ጠየቀ፤ «ለፍርድ ቤቱ ምን መልስ አለዎት?»

«ቀርቤ እመልሳለሁ!»

የሚሮጥ የቦቲ ጫማ ሰማሁ። ቁልፍ ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ መሃል ግን የእሷን ድምፅ ለየሁት፤ እንደ መጀመሪያው ቀስ ያለ ነው።

«እንግዲያው ጌታዬ፣ ‹አለ› ብለው ይጻፉልኝ።»

ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን ሰዓት አልተርክም። ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱኝ፤ ወደዚያች ክፍል አልተመለስኩም። መልእክተኛው የሰማውን ጽፎ ኖሯል፤ ፈርቶ ቢተወው ማንም አይፈርድበትም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ችሎቱ አስቀረበኝ። ከንፈሬ አብጦ፣ እጄ በካቴና ታስሮ ለፍቺ ጉዳይ ቀረብኩ። ዳኛዋ ሚስቴን፣ «ክስሽን ትቀጥያለሽ?» ብትላት፣ «ተገኝቶልኛል፤ ትቼዋለሁ» አለች። ዳኛዋ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ያለሁበት ጣቢያ ስም በመዝገቡ እንዲሰፍር አዘዘች። ለቤቱ ውል ውክልና ከእስር ቤት ሆኜ ሰጠኋት። በዚያ ሁሉ ጊዜ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው።

ከተፈታሁ በኋላ ብዙ ዓመት ሳልጠይቃት ቆየሁ። በቀደም ልጃችን ትምህርት ቤት ሄዳ ብቻችንን ሳለን ከአፌ ወጣ።

«እውነት ልትፈቺኝ ነበር?»

ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም። «ካለህ ትሰማለህ ብዬ ነው። ከሌለህ ደግሞ ልጄን የት ልጥላት ነበር? ሁለቱንም አስቤ ነው የሄድኩት።»

አልከፋኝም። መሆን የሚገባው ይኸው ነበር።

አባባን ግን አላገኘኋቸውም። ብዙ ጠየቅኩ፤ የት እንዳደረሷቸው የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። የምንኖረው አራብሳ፣ ምድር ቤት ነው። ሥራ ውዬ ስመጣ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። ሚስቴ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ብዬ ይመስላታል፤ ጎረቤቶቻችንም እንግዳ ሲመጣብኝ፣ «የሱ ቤት እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አውልቁ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ጫማ አድርጌ ግን ጤፍ ይሰጥ በነበረው መሬት ላይ መቆም አልቻልኩም።