ፓርቲ የለኝም ያልኩበት የምርጫ ዓመት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የተረፈኝ ሥልጣን ቢኖር ሰው ሳይጠይቀኝ ማስረዳት ነው። በተለይ የምርጫ ዓመት ሲመጣ ማን ይችለኛል! የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጥበትን ቀን፣ የጾም መግቢያ እንደሚያሰሉት ሊቃውንት አድርጌ ነው የማወጣው። «ኖቬምበር በገባ ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ፤ ከሁለት አይወርድም፣ ከስምንት አይወጣም» እላለሁ ጣቴን ሰቅዬ። ጴንጤዋ ባለቤቴ ደግሞ «ሳይጾም የጾም ቀመር የሚያወጣ ሰው አንተን ብቻ አየሁ» ትለኛለች።

የዚያን ዓመት ግን ማስረዳት ብቻ አልበቃኝም፤ ፕራይመሪ በሚሉት ቅድመ ምርጫ ላይ መምረጥ አማረኝ። ኖቬምበር ላይ እኛ ስቴት ማን እንደሚያሸንፍ የጎረቤታችን ድመት እንኳ ታውቃለች። ከብዙ ተወዳዳሪ መሃል «የኔ ሰው ይሄ ነው» ለማለት ያለው ዕድል ማርች ላይ ያለችው ማክሰኞ ብቻ ናት። ሥራ እያለሁ ሁልጊዜ ታመልጠኝ ነበር፤ አሁን ሰበብ የለኝም። ሰውዬዬንም መርጬ ጨርሻለሁ፦ ረጋ ያለ፣ ማንንም የማይሳደብ፣ ስለዚህም ማንም የማያውቀው ሰው።

ከጃንዋሪ ጀምሮ በረዶ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ስቴቶች ሲመርጡ፣ እኔ ሳን ሆዜ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ አብሬያቸው በረደኝ። በየማለዳው ኦክላንድ፣ አፕታውን ለሚኖረው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ኮል እያደረግኩ ውጤቱን አብራራለታለሁ። ጡረተኛ ኢንጂነር ነው። ስልኩን ሲያነሳ «አቤት፣ ሊቀ መንበር!» ይለኛል። እኔ በሕይወቴ የእድር ጸሐፊ እንኳ ሆኜ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ ላይ የምርጫ ወረቀታችን በፖስታ መጣ፤ ካሊፎርኒያ ቤት ድረስ ነው የሚልኩት። መነጽሬን ጠርጌ፣ እስክሪብቶ አማርጬ ጠረጴዛው ላይ ተሰየምኩ። ኮንግረስ አለ። ዳኛ አለ። የትምህርት ቤት ጣሪያ ማደሻ አለ። ፕሬዚዳንት የለም። ገለበጥኩት፤ የለም። ፖስታውን አራገፍኩት፤ ፕሬዚዳንት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይወድቅልኝ ይመስል። የባለቤቴን ወረቀት ሰርቄ ሳይ፣ የሷ ላይ የተወዳዳሪው ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

«ማተሚያ ቤቱ ተሳስቷል» ብዬ ፈረድኩ።

ፕሌዘንተን ቢሮ የምትሠራው ልጃችን ጋ ደወልኩ። በአማርኛ ብጮህባት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ።

«ዳዲ፣ ዩ ሃቭ ኖ ፓርቲ!»

«እና? መብቴ አይደለም እንዴ?»

«ኦፍ ኮርስ! በት ፕራይመሪ ኢዝ ኤ ፓርቲ ቲንግ።»

ለካ ፕራይመሪ ማለት ፓርቲዎች የየራሳቸውን እጩ የሚለዩበት ነው። ፓርቲ የለኝም ያለ ሰው፣ የአንዱን ፓርቲ ወረቀት በስሙ ጠርቶ ካልጠየቀ የፕሬዚዳንቱ ነገር አይደርሰውም። ይህን ሁሉ ጊዜ ሕዝብ ሳስተምር የከረምኩት ሰውዬ ይህችን አላውቃትም ነበር።

ፓርቲ የለኝም ማለቱንስ ብያለሁ። መራጭ ሆኜ ስመዘገብ፣ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ነው ምልክቱን ያደረገው። እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን «አንተ የየትኛው ነህ?» ሲባል መልሱ በአፍ ሳይሆን በእግር ነበር የሚሰጠው። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ «የማንም አይደለሁም» ነው የምለው። የእግር ኳስ ክለብ እንኳ የለኝም።

ባለቤቴስ? «ቸርች አዳራሽ ውስጥ መራጭ የምትመዘግብ አንዲት ልጅ ፓርቲሽ ማነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት» አለች፤ የጫማ ቁጥሯን የተጠየቀች ያህል።

ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። «ሊቀ መንበር! መራጭ መስሎህ ነበር? ታዛቢ አድርገውሃል እኮ!»

«አሁን ምን ይሻለኛል?»

«ሂድና የምትፈልገውን ፓርቲ ስም ንገራቸው፤ ወረቀቱን ይቀይሩልሃል።»

«በአፌ?»

ሳቁ ቆመ። እሱም የዚያው ዘመን ሰው ነው። «አዎ፣ በአፍህ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሻወር ውስጥ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ የፓርቲውን ስም መጥራት ስለማመድ ሰነበትኩ። ማክሰኞዋ ደረሰች። ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለው ምርጫ ጣቢያ ተሰለፍኩ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ወጣት ፕሬዚዳንት አልባ ወረቀቴን ተቀብላ፣ የየትኛውን ፓርቲ እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኳት።

«ሶሪ፣ ሰር?»

ደገምኩላት፤ ድምፄ ይባስ አነሰ።

ይሄኔ ከኋላዬ «ጋሼ! እርስዎ ነዎት? እንግሊዝኛው አስቸገረዎት እንዴ? ላስተርጉምልዎት!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል ከባለቤቴ ጋር ኳየር የምትዘምር፣ ሆስፒታል የምትሠራ ሴት ናት፤ ድምጿ ማይክ አያስፈልገውም። እኔ እንግዲህ በእንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

«የለም፣ የለም፣ አመሰግናለሁ፣ እኔው ራሴ...»

«ኧረ ምንም ችግር የለም! የትኛውን ፓርቲ ነው የፈለጉት ጋሼ? ጮክ ይበሉ፣ አይፍሩ!»

እግሬ ወደ በሩ ዞረ። አፌ ግን ቀደመው፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ የፓርቲውን ስም ተናገርኩት። ከሚገባው በላይ ጮኼ ነበር።

ማንም ዞሮ አላየኝም። ከኋላ የቆመው ጎረምሳ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። ልጅቷ «ኦኬ» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። ተርጓሚዬም «በቃ ይኼው ነው?» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ ደብቄ ያኖርኩትን ነገር ለካ የሚፈልገው ሰው የለም! እፎይ ማለት ሲገባኝ ትንሽ ቅር አለኝ። አንድ ሰው እንኳ ገልመጥ ቢያደርገኝ ምናለበት?

ከሰውዬዬ ስም ጎን ያለችውን ክብ አጥቁሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ዜና ታያለች።

«ማንን መረጥክ?»

ነገርኳት።

«ውይ! እሱ እኮ ትናንት ተወው። በቃኝ ብሎ እጁን ሲያውለበልብ አላየህም?»

አላየሁም። ሻወር ውስጥ ነበርኩ።

ድምፄ ከሰረ እንጂ ምላሴ ግን ተፈታ። በበጋው ፓርቲዎቹ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ ለፀጉር አስተካካዬ ፓርቲዬን ነገርኩት። የቴሌቪዥን ክርክሮቹ ሲጀመሩ ለጥርስ ሐኪሜ፣ መሣሪያው አፌ ውስጥ እያለ ነገርኩት። ጓደኛዬ «አንተ ሰውዬ፣ ሳትጠየቅ አትናገር!» ብሎ ቢቆጣኝ፣ «ስንጠየቅ ያልተናገርነውን እኮ ነው የምናገረው» አልኩት። እዚህ መጽሐፍ ላይም የፓርቲዬን ስም ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም፤ ባለቤቴ «መጽሐፉን ሁሉም ይግዛልህ» ስላለችኝ ነው።

ኖቬምበር ላይ ፓርቲህ ማነው ብሎ ነገር የለም፤ የፕሬዚዳንቶቹ ስም ለሁሉም ሰው እኩል ይመጣል። ወረቀታችንን ቤት ሞልተን፣ ፖስታችንን ይዘን ከባለቤቴ ጋር ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ሳጥኑ አጠገብ «መርጫለሁ» የሚል ስቲከር የሚያድል አንድ አዛውንት ቆሟል። ፖስታዬን ከተትኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የፓርቲዬን ስም በሙሉ ድምፄ ነገርኩት።

ሰውዬው ክው አለ። ግራና ቀኙን አይቶ ጠጋ አለኝና፣ በሹክሹክታ «ሰር፣ ምርጫ ጣቢያ ውስጥ እንደሱ አይባልም፤ ቅስቀሳ ክልክል ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ክንዴን ይዛ እየጎተተች አስወጣችኝ። «አንተ ሰውዬ አንድ ቀን ታስይዘናለህ!»

«አየሽው?» አልኳት፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ። «በመጨረሻ አንድ ሰው ደነገጠልኝ!»