የትንሿ ሳጥን ባለድርሻ

ጅማ ከተማ ሄርማታ ገበያ ዳር ያለችው ሱቄ የቡና መፈልፈያ ማሽን መለዋወጫ ነው የምትሸጠው። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ አልፎ አልፎም ሞተር። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነው የማስተዳድራት። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና ታላቅ ወንድሜ ከአባታችን የወረስነውን መጋዘን ስንሸጥ ድርሻዬ እጄ ገባ። ጅማ ውስጥ ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ወይ ቡና ይገዛል ወይ የሚከራይ ቤት ይሠራል። ወንድሜም ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ቦታ አይቶልኝ፣ በሮቹ በየት በኩል እንደሚከፈቱ ሳይቀር አስቦ ጨርሶ ነበር።

እኔ ግን ሌላ ነገር ውስጥ ገባሁ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ጠዋት ሁለት ወጣቶች ውሃ የማያስገባ የላስቲክ ቀለበት ሊገዙ ሱቄ ሲመጡ ነው። ልጅቷ እዚሁ ቅርብ ካለችው ሰቃ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ልጁ ከጎጃም ለትምህርት መጥቶ በዚያው ጅማን ወዶ የቀረ ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል፤ እሷ ሶፍትዌር፣ እሱ ኤሌክትሮኒክስ። የያዟት ሳጥን የሳሙና ማስቀመጫ ታክላለች። ቀለበቱን እየፈለግሁ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልጁ ክዳኗን ከፍቶ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አሳየኝና እርጥበት የምትለካው እሷ መሆኗን ነገረኝ። ልጅቷ ደግሞ ሳጥኗ መጋዘን ውስጥ በተደረደረው ቡና መሃል እንደምትቀመጥ፣ ቡናው እርጥበት ሲይዝ ለባለቤቱ ስልክ በኦሮምኛ መልእክት እንደምትልክ አስረዳችኝ።

ይሠራል ወይ አልኳቸው። ክፍላችን ውስጥ ይሠራል አሉኝ።

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። የጅማን ዝናብ ክፍል ውስጥ ሆኖ መሞከር አይቻልም። የባለቤቴ አጎት የቡ የምትባለው ከተማ ውስጥ ቡና አቅራቢ ናቸው፤ ሰፊ መጋዘን አላቸው። ደውዬ ነገርኳቸውና ልጆቹ በሳምንቱ ሄደው ሳጥኗን አስቀመጡ።

አጎት መጀመሪያ ላይ ግድ አልሰጣቸውም። ቡና መድረቁን ዕድሜ ልካቸውን በጥርሳቸው እየነከሱ ነው የሚያውቁት፤ ሳጥኗንም የተቀበሉት ለእኔ ብለው ነው። አንድ አርብ ከጁምዓ ሰላት ሲወጡ ስልካቸው ላይ "ቡኒ ጂዴራ" የሚል መልእክት አገኙ። ቡናው ረጥቧል ማለት ነው። ሄደው ቢያዩ ከላይ ያሉት ጆንያዎች ደረቅ ናቸው። ሊተዉት ካሉ በኋላ ግን የኋላውን ረድፍ ሲያስነሱ ከጣሪያው ጥግ በግድግዳው ላይ የወረደ ውሃ የታችኞቹን ጆንያዎች ማራስ ጀምሯል። ቡናው ሳይበላሽ ደረሱለት። ማታውን ደውለው፣ "እነዚያን ልጆች ላኪልኝ፤ ሌላ ሁለት ሳጥን ይዘው ይምጡ" አሉኝ።

ልጆቹን ሱቄ አስቀምጬ ከሥራቸው ድርሻ ልገዛ እንደምፈልግ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ነገሩ ቢገባኝም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር። ኩሽኔታ ስገዛ ክብደቱን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ይህኛው ግን ግማሹ በዓይን አይታይም። ስለዚህ በግልጽ ጠየቅኋቸው።

"ነገ ተጣልታችሁ ብትለያዩ ለእኔ ምን ይቀረኛል?"

"ሳጥኑ" አለ ልጁ።

"ፕሮግራሙ" አለች ልጅቷ፣ ከእሱ እኩል።

ከዚያ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። ሳጥኑ ያለ ፕሮግራሙ፣ ፕሮግራሙም ያለ ሳጥኑ ምንም እንደማይረባኝ ሁለቱም ያውቁታል። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ውሉን ተፈራረምን። ወንድሜ ለአንድ ወር ያህል አኩርፎኝ ሰነበተ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ፊት "እህቴ የቴክኖሎጂ ባለሀብት" እያለ ማስተዋወቅ ጀመረ። ቀልዱን ወደድኩለት።

በዓመቱ አዲስ አበባ ገንዘብ የሚያፈስሱ ሰዎችና ሥራ ጀማሪዎች የሚገናኙበት ስብሰባ ተጠራ። ሦስታችንም ሄድን። አንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሳጥናችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ቆምን። የሚመጣው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አለው ወይ? ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ትሑት ሰው፣ የአንድ ኢንቨስትመንት ድርጅት ኃላፊ ነኝ ያለን፣ እሱም ይህንኑ ጠየቀ። ልጅቷ የለውም አለችው። እርጥበት ለክቶ መልእክት ይልካል፣ ሌላ ነገር የለውም። ሰውየው በትሕትና አመስግኖ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ።

በመልሱ መንገድ ልጆቹ ሲጨቃጨቁ ግቤ ደረስን። ልጁ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የምትለዋን ቃል ወረቀታችን ላይ ብናስገባት ምን ይጎዳናል ይላል፤ ሁሉም እያስገባት ነው። እሷ የሌለንን አለን አልልም አለች። ግቤ በረሃ ላይ መኪናው ሲቆም ሙዝ ገዝቼ ለሁለቱም ሰጠሁና አፋቸው ሲያዝ እኔ ተናገርኩ። የቡ ላይ ሳጥን የገዙን ሰዎች ያንን ቃል አልጠየቁንም፤ እነሱን እንያዝ አልኩ። ልጁ ሙዙን እያላመጠ ትንሽ አሰበና እሺ አለ። ጅማ ስንገባ ሁለቱም ትከሻዬ ላይ ተኝተው ነበር።

ገዢ እየበዛ ሲመጣ ደግሞ ያቺ እርጥበት የምትለካው ጥቁር ፍሬ ከገበያ ጠፋች። ልጁ እንዳስረዳኝ፣ ቺፕ የሚሠሩት ፋብሪካዎች ዓለም ሁሉ ለሚሻማባቸው ትልልቅ ኮምፒውተሮች ማምረቱን መርጠዋል፤ እንደኛ ጥቂት የሚገዛ ሰው ወረፋ ጠብቅ ይባላል። ኩሽኔታ ከቻይና የሚያመጣልኝን ነጋዴ ለመንኩት። ሻንጣው ውስጥ በትንሽ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። ልጁ በማጉያ መነጽር አይቶ ፊቱ ጠቆረ። መልኳ አንድ ነው፤ ዓይነቷ ግን ሌላ። ነጋዴውም ደንግጦ መልሼ እወስደዋለሁ አለኝ።

"አይውሰዱት" አለች ልጅቷ። "አዳዳ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።"

አዳዳ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ለሳምንታት ከቤት አልወጣችም። ፕሮግራሙን ለአዲሲቱ ፍሬ እንድትስማማ አድርጋ እንደገና ጻፈችው። ሲሞክሩት አዲሲቱ ከበፊቷ ያነሰ ባትሪ የምትበላ ሆና ተገኘች። ሳጥናችን በአንድ ባትሪ ድንጋይ ክረምቱን ሁሉ መቆየት ቻለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ነጋዴው እስከ ዛሬ ሆን ብሎ መርጦ ያመጣት ይመስል ያወራል፤ እኛም አናርመውም።

ያ የአዲስ አበባው ሰው እንደገና የደወለው በዚህ መሃል ነው። የደወለው ግን ለልጅቷ ነበር። ገበያው ተለውጧል አላት፤ አሁን ሁሉም ባለሀብት ጥሩ መሐንዲስ እየፈለገ ነው፣ ቢሮና ኮምፒውተር ያለው ሞልቷል፣ የሚሠራ ሰው ግን የለም። አዲስ አበባ ከሚያስተዳድራቸው ድርጅቶች አንዱ ውስጥ ጥሩ ደሞዝ ያለው ሥራ አቀረበላት።

ልጅቷ ሱቄ መጥታ በቺንጋዎቹ መሃል ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ አላየችኝም። እንዳቀረቀረች የተባለችውን ነገረችኝ። እናትሽስ ምን አሉ አልኳት። አዳዳን ጠይቂ አሉኝ አለች።

ብትሄድ ምን እንደምንሆን አውቅ ነበር። ልይዛት እንደማልችልም አውቅ ነበር።

"ድርሻ የገዛሁት ከሥራው ነው፤ ከአንቺ አይደለም" አልኳት። "መሄድ ከፈለግሽ መርቄ እሸኝሻለሁ። ግን ልብሽ የሚፈልገው ምንድነው?"

ያንን ሥራ እንደምትፈልገው፣ ትልቅ ነገር እንደምትማርበት፣ ጅማንና ሳጥኗን መተው ግን እንደማትፈልግ ነገረችኝ።

"ታዲያ ይህንኑ ንገሪው" አልኳት።

ነገረችው። ግማሽ ቀን ለእሱ ልሥራ፣ ግማሽ ቀን ለሳጥኔ፤ ሁለቱንም ከጅማ አለችው። መጀመሪያ አይሆንም አለ። እሷም እንግዲያው ይቅርብኝ አለችና ስልኩን ዘጋች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውየው ራሱ ጅማ መጣ።

የቡ ወሰድነው። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘንና ቆንጆ ጫማው ጭቃ ዋጠው፤ እሱ ግን እየሳቀ ወረደ። የባለቤቴ አጎት መጋዘናቸውን አሳዩት። ብዙ ጠየቃቸው፣ በትዕግሥት መለሱለት። አብሮን ምሳ በላ። ከልጁ ጋር ስለ ቺፕ፣ ከልጅቷ ጋር ስለ ፕሮግራሙ ሲያወራ ሁለቱም ዓይናቸው በራ፤ ለካ እሱም በወጣትነቱ ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ነው። እኔ እንኳ ያልገባኝን ነገር አንስቶ፣ ሳጥኗ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት መጋዘንም እንድትሠራ የሚያደርግ ሐሳብ ሰጣቸው፤ ልጁ እዚያው መዳፉ ላይ ጻፈው። በመልሱ መኪና ውስጥ፣ እንደዚህ ያሉ ልጆች ጅማ ውስጥ ስንት ይገኛሉ ብሎ ጠየቀኝ። በየዓመቱ ይመረቃሉ፣ ሥራ ፍለጋ በአውቶቡስ ይሄዳሉ አልኩት።

የልጅቷን የግማሽ ቀን ሐሳብ ተቀበለ። አልፎም አዳዲስ ተመራቂዎች እኛ ዘንድ እንዲሠለጥኑ ወጪውን ሊሸፍን ተስማማ፤ ሥልጠናውን ከጨረሱት አንዳንዶቹ ለእሱ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ለእኛ። ወንድሜም አዲስ ድርሻ ሲከፈት ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። ልጆቹን ጠይቅ አልኩት፤ ልጆቹም አስገቡት።

አሁን ከሱቄ በላይ ያለው ፎቅ የሠልጣኞቹ ነው። አንዷ ከአጋሮ፣ አንዱ ከወላይታ፣ ሌላዋ ከደሴ የመጡ ናቸው፤ አማርኛውና ኦሮምኛው ተቀላቅሎ ከላይ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ሥራ ሲቀዘቅዝ ወጣሁና አንድ ሳጥን በገዛ እጄ ልሥራ አልኳቸው። ከደሴ የመጣችው ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ፍሬዋን የሚያጣብቀውን ብረት፣ ስታኞውን፣ በማሞቂያው እንዴት እንደማቀልጥ አሳየችኝ። እጄ ቺንጋ ለመወጠር እንጂ ለዚያች ፍሬ አልተሠራም፤ ቢሆንም ጨረስኩ። እነሱ ሲፈትሹት ሳጥኑ እርጥበቱን በትክክል ለካ፣ መልእክቱን ግን አልላከም።

"እትዬ፣ ይህችኛዋ አላለፈችም" አለ የጎጃሙ ልጅ፣ ሳቁን እየዋጠ።

እንደገና ማሞቂያውን አነሳሁ።