ዝናባችንን የሚያውቁ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር በምሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ፣ አንዲት እናት ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው ገቡ። ቀየርኩላቸው። እንዲያዩት አብርቼ ስሰጣቸው ከላይ አንድ መልእክት ብቅ አለ። የአማርኛ ኪቦርዱ ታድሷል ይላል።

«ይኼ ምንድነው ልጄ? ቫይረስ ነው እንዴ?» አሉኝ መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«አይደለም እናቴ። የሚጽፉበት ፊደል ነው፣ ተሻሽሎ መጥቶ ነው።»

«ማነው የላከው?»

ያንን ኪቦርድ የሠራው ታላቅ ወንድሜ ኤርሚያስ ነው። ኤርሚያስ ከሞተ ደግሞ ዓመት አልፎታል።

ስለ እሱ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ስለ ሞተ ሰው ሲሆን ቃል እንደልብ አይመጣም። ስለ አንድ ክረምት ብቻ ግን መናገር የምችል ይመስለኛል፤ ያኔ ያየሁትን፣ ወይም እንዴት ልበለው፣ የሰማሁትን።

ቤታችን ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገድ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ ለመነጋገር መጮህ አለብን። ኤርሚያስ በአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲመለስና ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ያንን ኪቦርድ ይሠራል። ኪቦርዱ በነጻ ነው። ኮዱንም ማንም ገብቶ እንዲያየው ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል፤ የፈለገ ይወስደዋል፣ ስህተት ያገኘ ያስተካክለዋል። ብቻውን አልነበረም። በየአገሩ የየቋንቋቸውን ኪቦርድ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። የአንዱ ሲበላሽ ሌላው ይጠግናል። አንዳቸውም አንዳቸውን በአካል አይተው አያውቁም።

እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ፣ ነገሩ አይገባኝም።

«ሽጠው እንጂ! አራዳ አይደለህም እንዴ?» እለዋለሁ።

«ፊደል ይሸጣል?» ይለኛል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

በዚያ ክረምት መግቢያ ላይ ኤርሚያስ ከሥራ ተቀነሰ። ድርጅቱ ሥራ ስለቀዘቀዘበት ብዙ ሰው አሰናብቶ ነበር። የሚሠራበት ኮምፒውተር የድርጅቱ ስለሆነ መልሷል። ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ሲገባ ዛሬም ይታየኛል። ያ ቦርሳ ሁልጊዜ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ያዘነብለው ነበር። ያን ቀን ባዶ ስለሆነ ነፋሱ ያወዛውዘው ነበር።

ከዚያ ተኛ። አልታመመም፣ ዝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እናቴ የሚወደውን ሽሮ ሠርታ ብታስቀምጥለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይመልሳል። ከመንገድ ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼለት ብመጣ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት፣ ዞሮ እንኳ አላየውም። እማዬ በር ላይ ቆማ ታየውና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትወጣለች። የፈራነውን በአፋችን አልተናገርነውም። ግን ሁለታችንም እንደማይነሳ ፈርተን ነበር።

በዚያው ሰሞን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ አዲስ ሲስተም ተጫነና ኪቦርዱ ተበላሸ። አንድ ፊደል ስትጽፍ ከፊቱ ያለውን ይበላል። ይህንን መጀመሪያ የነገሩኝ ጋሽ ከድር ናቸው። ጋሽ ከድር የወሎ ሰው ናቸው። ከልደታ ፍርድ ቤት ማዶ ባለች ጠባብ ሱቅ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እየጻፉ ይተዳደራሉ፣ የሚጽፉትም በኤርሚያስ ኪቦርድ ነው። በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ጠሩኝ።

«አንተ ሚኪ! ና እስቲ ወዲህ። ወንድምህ ምን አድርጌው ነው?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«እኔ ስጽፍ ይኼ ሲበላ! እኔ ስጽፍ ይኼ ሲበላ! ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምራ እዚህ ተቀምጣለች። ዳኛው ወንድምህን አያውቀው፣ አይጠብቀኝ!»

የሆነውን ነገርኳቸው። ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ አሁን በምን ይሠራዋል?»

«በምንም። ኮምፒውተር የለውም።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ የተቀመጠች አሮጌ ኮምፒውተር ነበረቻቸው፤ ልጃቸው ከማግባቷ በፊት የምትጽፍባት። ገመዱን ነቀሉ፣ በዝናብ ልብሳቸው ጠቀለሏት። እሳቸው ስክሪኑን ከነስፒከሩና ከነማይኩ፣ እኔ ሳጥኑን ተሸክመን፣ ጭቃውን እየዘለልን ቤት አደረስናት።

ኤርሚያስ ጋሽ ከድርን ሲያይ ተነስቶ ቁጭ አለ። አክብሮት ነው እንጂ መነሳትስ አልተነሳም።

«ጋሼ፣ እኔ ከእንግዲህ አልሠራም» አላቸው መሬት መሬት እያየ።

«አትሥራ። ማን ሥራ አለህ? እኔ ቤት ቦታ ስለጠበበኝ ነው ያመጣኋት» አሉትና ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ተመልሶ ተኛ። «ለነዚያ ሰዎች ጽፌላቸዋለሁ» አለኝ ወደ ግድግዳው። «ሥራ የለኝም፣ ኮምፒውተርም የለኝም፣ ኪቦርዱን የፈለገ ይውሰደው ብያቸዋለሁ። አለቀ።»

ማን እንደወሰደው ለማየት ነው ኮምፒውተሯን የሰካኋት። ኢንተርኔቱን ከስልኬ አገናኝቼ ገጹን ከፈትኩት። በእንግሊዝኛዬ ቀስ እያልኩ አነበብኩ። የወሰደ ሰው የለም። ቪክራም የሚባል አንድ የሕንድ ሰው ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አንወስደውም። እስክትመለስ እንይዝልሃለን።» ቀጥሎም የሚነካ ቦታ አለ፦ «ክፍሉ ክፍት ነው። መናገር ግዴታ አይደለም።»

ነካሁት።

የሚያወራ ሰው ይኖራል ብዬ ነበር። አልነበረም። የሰማሁት የኪቦርድ ድምፅ ነው፤ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙ ሰው፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። አንዱ ጋ ፋን ይሽከረከራል። አንዱ ጋ ወፍ ይጮኻል። የሆነ ቦታ ሕፃን አለቀሰና ዝም አለ። አንድ ሰው ሳለ። እያንዳንዱ በየቤቱ ማይኩን ከፍቶ የወንድሜን ሥራ እየሠራ ነበር፤ እሱን እየጠበቀ። ሰውነቴን አንዳች ነገር ወረረኝ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ መሐል የገባሁ መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ጣሪያችን ላይ ዝናቡ ይወርድ ነበር።

«ይኼ ምንድነው? ውሃ ነው?» አለች አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ። አኒካ ትባላለች፣ ፊንላንድ ናት። «ኤርሚያስ፣ አንተ ነህ?»

«አይደለሁም» አልኩ። «ዝናብ ነው። እኔ ወንድም ነኝ። ወንድም ተኝቷል።»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው የሚያሳፍር አልነበረም። ከዚያ ሥራ ሰጡኝ። ሁሉም ኮዱን ያውቁታል፣ አማርኛ ግን አንዲት ፊደል አያነቡም። የጠገኑትን ይልኩልኛል፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጭኜ እጽፋለሁ፣ ይበላል። «አልሆነም» እላለሁ። እንደገና ይልካሉ። ኤርሚያስ ከኋላዬ ተኝቷል፣ ይስማ አይስማ አላውቅም።

አኒካ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ የሚበላው የቱን ነው፣ ከየትኛው በፊት ነው የሚል መሰለኝ። ግማሹ አልገባኝም። እንደመሰለኝ መለስኩ።

«ሁሉንም ይበላል። በጣም ተርቧል።»

አልጋው ተንቋቋ።

«ምን አልካቸው?»

«ይበላል አልኳቸው።»

«ተርቧል ነው ያልከው! ሰምቼሃለሁ!»

«ታዲያ አልተራበም?»

«አንተ ልጅ፣ በልደታ ስም፣ ታዋርደናለህ! ጥያቄው ስለ ጠቋሚው ቦታ ነው። እሱን የሚያስተካክለው እኮ አንድ የኮድ መስመር ነው፣ አንዲት መስመር! ተነስ ከዚያ። ተነስ አልኩህ!»

ጋቢውን እንደለበሰ መጥቶ ከወንበሩ በትከሻው ገፋኝ። ፀጉሩ በአንድ ጎን ተጨፍልቆ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ነኝ» አላቸው።

«ሰላም ኤርሚያስ» አለ ቪክራም።

ይኸው ነው። እንዴት ነህ አላሉትም፣ አይዞህ አላሉትም፣ የት ጠፋህ አላሉትም። ሁሉም ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ያ የኪቦርድ ድምፅ እንደገና ሞላ። አሁን ግን የእኛም ቤት አለበት። ኤርሚያስ ያቺን አንድ መስመር ሲጽፍ ከኋላው ቆሜ አየሁት።

እማዬ ከገበያ ስትገባ ልጇን ተቀምጦ አገኘችው። ደነገጠች፣ ደስታዋን ግን እንዳይሸሽባት ፈርታ ነው መሰለኝ ድምፅዋን አላሰማችም። ቀስ ብላ ወደ ስፒከሩ ተጠጋች።

«እነማን ናቸው?»

«ጓደኞቹ ናቸው» አልኳት።

«ምን ይላሉ?»

«ምንም አይሉም። አብረውት ተቀምጠው ነው።»

ትንሽ አዳመጠች። «ዝም ብለው? እንዲሁ እንዳይከፋው?»

«እንዲሁ።»

«ይኼማ ለቅሶ መቀመጥ ነው» አለች።

«ማንም አልሞተም እኮ እማዬ!» አለ ኤርሚያስ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ።

«ሥራህ አልሞተም? እንግዲህ የመጣን ሰው ባዶ አፉን አናስቀምጥም።» ወጣችና ስንዴና ሽምብራ ቀቀለች። ያንን ንፍሮ በሳህን አድርጋ ስፒከሩ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እነሱ እኮ ሕንድ ናቸው፣ ፊንላንድ ናቸው፣ እንዴት ይበላሉ?»

«አንተ ትበላላቸዋለህ።»

በላላቸው። ሳህኑን ጨረሰው።

በማግሥቱ የጋሽ ከድር ፊደል ተመለሰ። ሱቃቸው በር ላይ ቆመው «ጠገበ!» ብለው ጮኹብኝ። ወሬው ከየት እንደደረሳቸው እንጃ፤ ከእማዬ ይሆናል።

ክፍሉ ግን ከዚያ በኋላም አልተዘጋም። ክረምቱን ሙሉ ኤርሚያስ ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ከአልጋው ወደ ወንበሩ ይሄዳል፤ እንደ ማንኛውም ሥራ እንደሚሄድ ሰው። የአኒካ ወዳጅ ለሌላ ወዳጁ ነግሮ፣ ያም ለሌላ ነግሮ፣ አደይ አበባ በየመንገዱ ሲሸጥ ኤርሚያስ ከቤቱ ሆኖ የሚሠራው ሥራ አገኘ። መቀጠሩን ሲነግሩት ያለው ነገር «ገና ዝናቡ ሳያልቅ!» ብቻ ነበር።

የገደለው በሽታ የመጣው ከስንት ክረምት በኋላ ነው። ስለ ሕመሙ አልጽፍም። አጭር ነበር።

በቀብሩ ማግሥት ገጹን ከፍቼ ጻፍኩላቸው። «ወንድም ሞተ» ብዬ። ሌላ እንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ክፍሉ ወዲያው ተከፈተ። እማዬ ስትሰማ «አምጣቸው» አለችኝ። ኮምፒውተሯን ተሸክሜ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ጋሽ ከድር አጠገብ አስቀመጥኳት። ጎረቤት ሁሉ ግራ ተጋብቶ ያያል። «ጓደኞቹ ናቸው፣ ለቅሶ መጥተው ነው» አሉ ጋሽ ከድር ጮክ ብለው፤ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ፋኑ ይሽከረከራል። ወፉ አለ። የኪቦርድ ድምፅ ግን የለም። ያን ቀን ከመካከላቸው አንድም ሰው አልጻፈም። እጃቸውን ሰብስበው፣ በየአገራቸው፣ ተቀምጠው ነበር። ከለቅሶው ሁሉ፣ ከደረት መምታቱ ሁሉ፣ እኔን የሰበረኝ ያ ዝምታ ነው።

ከዚያ በኋላ ቪክራምን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ ያን ጊዜ ኤርሚያስ ባይነሳ ኖሮ መስመሯን ማን ያገኛት ነበር ብዬ። «አኒካ አንተ ወደ ክፍሉ ከመግባትህ በፊት አግኝታት ነበር» ብሎ ጻፈልኝ። «እስከ ምሽት ድረስ ለእሱ እንተውለት ብለን ተስማማን፤ ለአንተ የላክንልህ ሁሉ ያቺ መስመር የሌለችበት ነበር። ካልተነሳ እናስገባት ነበር። ግን አንተ ተርቧል አልክ።»

ይህንን ካነበብኩ በኋላ ወደ ክፍሉ መግባት አቃተኝ። መፍራት አይደለም። ምን ብዬ ልግባ? ኮድ አልችልም። የእሱ ወንበር ላይ መቀመጥ ከበደኝ፣ ኮምፒውተሯም ጨርቅ ለበሰች።

ያቺ እናት ማነው የላከው ሲሉኝ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ያ እድሳት የመጣው አማርኛ ከማያነቡ ሰዎች ነው። ወንድሜ ከሞተም በኋላ ይዘውለታል። «የወንድሜ ጓደኞች ናቸው» አልኳቸው በመጨረሻ። «እግዜር ይስጥልኝ በላቸው» አሉኝና ስልካቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ከሥራ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ጃንጥላዋን ለእሳቱ ይዛ ራሷ ትበሰብሳለች። ቤት ገባሁ። እማዬ ጨርቁን ስገልጥ አየችኝ፤ ወደ ጓዳ ገብታ ድስት ስታነሳ ሰማሁ። ኮምፒውተሯን ሰካሁ። ክፍሉን ነካሁት። ማይኩን ከፈትኩ። እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋኝ። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

የኪቦርዱ ድምፅ ሁሉ ቀስ በቀስ ቆመ። ፋኑ ብቻ ቀረ።

«አወቅኩት» አለ ቪክራም። «ይኼ የልደታ ዝናብ ነው።»

ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ስልኬን አወጣሁና፣ እነሱ የላኩትን አዲሱን ፊደል ከሀ ጀምሬ፣ የሚበላ እንዳለ እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ።